የቀበርነው ጣውላ

የባሌ ወንድም ዲጅኖውን በሁለት እጁ አንስቶ የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ወጋው። ብረቱ ይነጥራል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ አልነጠረም። እስከ እጁ ድረስ ሰመጠ፤ እሱም ከብረቱ ጋር ወደፊት ተደፍቶ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አላተመ። ሲነቅለው ልስኑ ተገምሶ ወረደ። ከልስኑ ኋላ እንጨት መኖር በነበረበት ቦታ እንጨት አልነበረም። ነጭ ነገር እየተርመሰመሰ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

"እዪ!" አለኝ ግንባሩን በመዳፉ እየጠረገ። "እዪ እትዬ! ይኸ ቤት ነው? ይኸ እኮ ትል የወረሰው ሬሳ ነው!"

ቃሉ ካፉ እንደወጣ ራሱም ደነገጠ። ይቅርታ ግን አላለኝም። ዲጅኖውን እንደገና አነሳና ከመስኮቱ ሥር ወጋ፤ ከበሩ ጎን ወጋ፤ ከአልጋዬ ራስጌ ወጋ። በወጋ ቁጥር "ሃ!" ይላል፤ የሚያርድ ሰው ይመስላል። እኔ የአልጋ ልብሱን ታቅፌ ጥግ ላይ ቆሜ፣ በእግሬ ላይ የሚወጣብኝን ምስጥ እያራገፍኩ፣ "ተው፣ ይበቃል፣ አየሁ" እለው ነበር። አልሰማኝም። ከግድግዳው ጋር የቆየ ጠብ ያለው ይመስል ነበር።

በስልክ የነገርኩት "የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ ብሎኛል" ብዬ ብቻ ነው። የሚኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ፣ ዲጅኖውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ደረሰ። በር ሊያስተካክል የሚመጣ ሰው መጋዝና መላጊያ ይዞ ነው የሚመጣው። እሱ ከቤቱ ሲነሣ ጀምሮ ሊያፈርስ ነበር የተነሣው።

ሲደክመው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"ቤቱ አልቋል" አለ። "ቦታውን እንሸጠዋለን። አንቺ እኛ ዘንድ ትኖሪያለሽ። ደሴ ምስጥ የለም፤ ብርዱ ይጨርሰዋል።"

"እኔንም ይጨርሰኛል።"

"ጋቢ እገዛልሻለሁ።"

"ጋቢ አለኝ። ቤትም አለኝ።"

"ይኸን ነው ቤት የምትዪው?" ብሎ ወለሉን በጫማው ደበደበው። ከጫማው ሥር የነበረው ምስጥ ተጨፍልቆ እንደ ሊጥ ተለጠፈ።

እኔ ከዚህ ቤት አለመውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ልጅ አልወለድንም። ባሌ ከሞተ ወዲህ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ፤ አንዱ ወደ ደሴ፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዷም ወደ ገዳም። ሁሉም ስለሚያዝኑልኝ ነው፤ ይገባኛል። ሲመጡ ግን ልባቸው ውስጥ ዕቃዬን መጠቅለል እንደጀመሩ ከዓይናቸው አያለሁ። የባሌ ወንድም ከሌሎቹ የሚለየው ዲጅኖ ይዞ በመምጣቱ ነው።

ቤቱን የሠራው ባሌ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነበር። በእረፍት ቀኑ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ልጦ፣ እግራቸውን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነክሮ፣ አድርቆ፣ እንደገና ነክሮ አቆማቸው። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ጭቃ ቤት የሚሠራ ሁሉ ምስጥን ያውቃል። ብዙው ሰው ግን አንዴ ነክሮ ይረሳል። እሱ አይረሳም ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር ዱላ ይዞ ቤቱን ይዞራል። ምስጡ በግድግዳው ሥር እንደ ደም ሥር ዘርግቶ የሠራውን የጭቃ መተላለፊያ እየናደ፣ እየረገጠ፣ ዘይት ይቀባል። ሲያደርገው ደግሞ ይሳደባል። ሌላ ጊዜ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ምስጥ ሲያይ አፉ ይበላሻል። "ሌባ! የሌባ ዘር! ሠርተህ ብላ!" ይለዋል። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ፣ "እሱማ ከኛ በላይ ይሠራል" እለው ነበር፤ እኔንም ይቆጣኛል። ከሞተ በኋላ ዱላ ይዞ የዞረ ሰው የለም። ክረምቱ መውጣቱንም የማላስተውልበት ጊዜ ነበር።

ግድግዳው የተወጋ ቀን ጩኸቱን ሰምተው ሐጂ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ። ሐጂ በስተጓሮ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው፤ ግቢያችንን የሚለየው የቁልቋል አጥር ነው። የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳው ከሳቸው የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ማንንም ከልክለው አያውቁም።

"ሰላም ነው? ምን ሆናችሁ? ሰው ነው የምትገድሉት?" አሉ።

"ምስጥ ነው ሐጂ" አልኳቸው።

"ምስጥ እንዲህ አይጮኽም ቲቸር።"

ገብተው የተቀደደውን ግድግዳ አዩ። ጣታቸውን ከተቱበትና አውጥተው ተመለከቱት። አንድ ወታደር ምስጥ ቆዳቸውን ነክሶ ተንጠልጥሏል፤ ገንጥለው ጣሉት፤ ራሱ ግን ጣታቸው ላይ ቀረ።

"ይኸ ፍጡር ረመዳን አያውቅ፣ ሁዳዴ አያውቅ" አሉ። "የኛንም የናንተንም ሲበላ ነው የሚያድር። አብሽሪ፣ መላ አለው።"

"መላው ምንድን ነው?" አለ የባሌ ወንድም።

"እናቲቱን ነው። ልጆቿን ብትፈጅ ብትፈጅ ስትወልድ ታድራለች። ጎተራዬን የበሉብኝ ጊዜ መኖሪያዋን ቆፍሬ እሷን ሳወጣ ነው የተገላገልኩ፤ ወላሂ።"

"የት እንቆፍር ታዲያ?"

ሐጂ ወደ እኔ አዩና ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

የባሌ ወንድም "አስቢበት፤ ግን ቶሎ አስቢ" ብሎኝ ደሴ ተመለሰ። እኔ በዚያው ሳምንት መድኃኒት ረጪ አስጠራሁ። ፓምፑን በጀርባው አዝሎ የመጣ፣ ቀልደኛ፣ ወፍራም ሰው ነው። ግድግዳውን በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ዞረ። "ይኸኛው ባዶ ነው። ይኸም ባዶ ነው። ይኸ ደግሞ ለምሳ ተቀምጠዋል" እያለ ይስቃል። ሳሎኑ ደህና ነበር። ወጥ ቤቱም ደህና ነበር። የተበላው መኝታ ቤቱ ብቻ ነው። ከኋላ ዞሮ ወጣና ከግድግዳው ሥር አፈሩን በብረት ፈነቀለ። የጭቃ መተላለፊያዎቹ ሁሉ ከአንድ ቦታ ነበር የሚመጡት። ብረቱን ተክሎበት ወደ እኔ ዞረ።

"እዚህ ሥር እንጨት ቀብራችኋል?"

"አዎ" አልኩት።

"ምን ዓይነት እንጨት?"

"ጣውላ።"

"ጣውላ ደግሞ ማን ይቀብራል ቲቸር? ድንች መሰላችሁ እንዴ?" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ነገርኩት። ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ፓምፑንም ከጀርባው አወረደ።

ጦርነቱ ከተማችን የገባ ሰሞን ነው። ባሌ የግቢውን በር ሊቀረቅር ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ ሲተኮስ ስለዋለ አንዱን ተኩስ ከሌላው ለይቼ አልሰማሁም። የሰማሁት የቆርቆሮ በሩን ነው፤ ሰው በሙሉ ክብደቱ ሲወድቅበት የሚያሰማውን ድምፅ። ማን እንደተኮሰ አላውቅም። ለማወቅ የፈለግሁበት ጊዜ ነበር፤ ባገኘው በጥርሴ እዘነጥለው ነበር። አሁን ማወቅ አልፈልግም። ጥይቱ በአንገቱ ነው የገባው። በመዳፌ ደፈንኩት፤ በነጠላዬ ደፈንኩት፤ ደሙ በጣቶቼ መሃል እየገፋ ወጣ። እንዲያ ያለ ኃይል ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በኋላ ኃይሉ ቀነሰ። እኔ ግን መጫን አላቆምኩም፤ እጄን ያላቀቁኝ ሐጂ ናቸው። አጥሩን በገጀራ ቆርጠው ከልጆቻቸው ጋር ገብተው ነበር።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ላይ ይተኮሳል። ስልክ የለም። ወንድሙ ከደሴ ሸሽቶ ወጥቷል፤ የት እንደደረሰም አላውቅም። ሬሳው ሳሎን አደረ። ሲነጋ ሐጂ መጡና፣ "ቲቸር፣ ይኸ ሰው ሁለተኛ ማደር የለበትም። እዚሁ እናስቀምጠው። ቀን ሲወጣልን ከነክብሩ ትወስጂዋለሽ" አሉኝ። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ከመኝታ ቤቱ ኋላ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ከመንገድም አይታይም። ልጆቻቸው ጎንበስ ብለው፣ አንዳንዴም ተኝተው ቆፈሩ። ጉድጓዱ ሲያልቅ ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "እኛ ፊቱን ወደ ቂብላ ነው የምናዞረው። እናንተስ ራሱን ወዴት ነው የምታደርጉ?" ሲሉ ጠየቁኝ። ስንት ቀብር ውያለሁ፤ አስተውዬ አላውቅም። ቆሜ አሰብኩ። እንደምንም አስታውሼ፣ "ራሱ ወደ ምዕራብ፣ ሲነሣ ምሥራቅን እንዲያይ" አልኳቸው። እንዳልኩት አደረጉት።

ሣጥን የሚሠራ አናጢ አልነበረም። ባሌ ለሳሎኑ ኮርኒስ ብሎ ያደረቀው ጣውላ ጓዳ ውስጥ ተደርድሮ ነበር። እሱን ከሥሩ አነጠፉለት፣ ከላዩም ገጠሙበት። ዘይት ያልነካው ንጹሕ ጣውላ።

አገር ሲረጋጋና ጊዜው ሲፈቅድ አፅሙ በካህናት ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ። ወንድሙ ያን ቀን መጥቷል፤ ጓሮ ግን አልገባም። በር ላይ ቆሞ፣ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ሲያለቅስ ነበር። አፅሙን ያወጡት ሰዎች ጣውላውን አልነኩም። ሬሳ የያዘ እንጨት በኛ ዘንድ አይማገድም፣ አጥር አይሆንም፣ ደጅም አይጣልም። "እዚያው ይቅር" አሉና አፈሩን መልሰውበት በእግራቸው ደለደሉት። እኔም አልከፋኝም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያለው መቃብር ከስንቱ ጋር የተደረደረ ነው፤ ስሄድ የጎረቤት መቃብር ላይ ላለመርገጥ ስጠነቀቅ ማልቀስ እንኳ አይሆንልኝም። ጓሮው ግን የኔ ነበር። ሽንኩርት የምልጠው እዚያ ነው። ልብስ የማጥበው እዚያ ነው። የዋልኩትን የምነግረው እዚያ ነው።

ምስጡ መጥቶ ያንን ጣውላ አገኘው። ጣውላው ሲያልቅበት በቅርብ ያለው እንጨት የኔ ግድግዳ ነበር።

ረጪው ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ፣ "ይቅርታ ቲቸር፣ አፌ ነው" አለኝ። ከዚያ ወደ አጥሩ አየ። "ያ የውኃ ጉድጓድ የማነው?"

"የሐጂ።"

"እንግዲያ በዚህ በኩል መድኃኒት አላፈስም። ተዳፋቱ ወደሱ ነው፤ ይሰርጋል። በፊት ለፊትና በጎን ቦይ ቆፍሬ አጠጣልሻለሁ። እዚህ ግን ቆፍራችሁ ጎጆውን ካላወጣችሁ የፊት ለፊቱ ሥራ ከንቱ ነው። የመኝታ ቤቱም እንጨት አልቋል፤ ዋሽቼ ደህና ነው አልልሽም።"

እሱ ሄዶ እኔ ቀረሁ። መርዝ ላፍስ ብል የሐጂን ውኃ ነው፤ ላስቆፍር ብል ያንን ቦታ ነው፤ ልተወው ብል ቤቱ ነው። ዶማ ሲገባበት በዓይነ ኅሊናዬ ባየሁ ቁጥር አንገቴን ይወጋኛል። የቀረ ነገር ቢኖርስ? ጨርቁ ቢኖርስ? ሳልወስን ሰነበትኩ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልብስ ሳጣጥፍ ከላዬ ብስኩት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል የበሩ ጉበን መሃሉ ላይ ተቀነጠሰ። ዘልዬ ሳሎን ገባሁ። ጉበኑ ከነጭቃው፣ ከነልስኑ ከበሩ አጠገብ ያለው አልጋዬ ላይ ወረደ። የአልጋው ቋሚ ተሰነጠቀ። ትራሴ ያለበት ቦታ ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ጭቃ ተቀምጦ ነበር። በጭቃው ላይ ምስጦቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሯሯጣሉ። ትራሱን አንስቼ በትራሱ ደበደብኳቸው፤ ጥጡ ተበትኖ ቤቱ እስኪሞላ ድረስ ደበደብኳቸው። ከዚያ ለባሌ ወንድም ደወልኩ። "ጉበኑ ወደቀ" አልኩት። "መጣሁ" ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጀሪካን ይዞ መጣ። ሰላምታም ሳይሰጠኝ ቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈ። ክዳኑን ሲከፍተው ሽታው ጉሮሮዬን ያዘኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መድኃኒት። ደሴ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ለድንች የሚረጩት። ውኃ አልገባበትም፤ እንዳለ ነው።"

"ረጪው በዚህ በኩል አይሆንም ብሏል እኮ።"

"ረጪው ፈሪ ነው።"

"የሐጂ ውኃ እዚያ ነው ያለው!"

"ሐጂ የቧንቧ ይጠጡ!" ብሎ ጀሪካኑን አዘነበለ።

እጀታውን ያዝኩ። ጎተተኝ፤ ጎተትኩት። መርዙ ተረጭቶ ክንዴ ላይ አረፈ፤ እንደ ሳማ ለበለበኝ። "ልቀቂ!" "አልለቅም!" በደረቱ ገፋኝና በጀርባዬ ወደቅሁ፤ ከንፈሬ በጥርሴ ተቆረጠ። ተነሣሁና እጁን ነከስኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ልጆችን "ስትጣሉ አትናከሱ፣ ውሻ ናችሁ?" ስል የኖርኩ ሰው፣ የባሌን ወንድም የእጅ አንጓ ደም እስክቀምስ ድረስ ነከስኩት። ጮኸና ጀሪካኑን ጣለው። ጀሪካኑ በቆመበት ቆመ እንጂ አልተደፋም፤ እግዜር ይመስገን። ከፈሰሰው ጥቂት መርዝ ላይ ግን አንዲት ዶሮዬ መጥታ የረጠበውን ምስጥ ለቃቀመች። ብዙም አልቆየች። አንገቷን ወደኋላ ቀልብሳ፣ በክንፏ መሬቱን እየደበደበች ዞረች፣ ወደቀች፣ እግሯን ዘረጋች።

ሁለታችንም አየናት። እሱ አላቆመም። ያቆማል ብዬ ነበር። እንደገና ወደ ጀሪካኑ ሲጎነበስ ሐጂ በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው በመሃላችን ቆሙ።

"በቃ ልጄ" አሉት።

ግድግዳው ላይ የተደገፈውን አካፋ አነሣ። "ዞር በል አንተ ሽማግሌ!"

በኛ አገር ሐጂን የመሰለ ሰው አንተ አይባልም። ቃሉ ከአካፋው በላይ አስደነገጠኝ። ሐጂ ግን አልተነቃነቁም። የቀኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ቀጭን ክንዳቸውን ዘረጉለት።

"ምታ። ግን የምትመታውን እወቀው። ወንድምህን እዚህ ጉድጓድ ያወረደው ይኸ ክንድ ነው። አንተ አልነበርክም።"

አካፋው ወረደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከሐጂ እግር አጠገብ መሬት ውስጥ ተሰክቶ ነበር። የባሌ ወንድም ነቀለውና መልሶ ሰካው። ነቀለውና ሰካው። መቆፈሩ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይቁም ማለት እችል ነበር፤ ሐጂም ወደ እኔ ዞረው ትእዛዜን ጠበቁ። የሞተችውን ዶሮ አየሁ። "ይቆፍር" አልኩ።

ሐጂ ቤታቸው ሄደው ዶማ አመጡ። መርዙን ዘግቼ አርቄ አስቀመጥኩት፤ ክንዴንና አፌን ታጥቤ ተመለስኩ። የባሌ ወንድም እስከ ጉልበቱ ገብቶ ነበር። ከነከስኩት እጁ የሚወጣው ደም በአካፋው እጀታ ላይ ይወርዳል። የሚወረውረው አፈር ግድግዳውን ይመታል፣ እኔን ይመታል። ጣውላው ጋ ሲደርስ አካፋው ድምፅ አላሰማም። ጣውላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንደራሰ ካርቶን ተቆረሰ። ከሥሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ሰፍነግ የሚመስል ግራጫ ነገር ተደራርቧል፤ በየቀዳዳው ምስጥ ይፈላል። ቀይ ራስ ያላቸው ወታደሮች ወጥተው በእግሩ ላይ ተረባረቡ። ሱሪውን ሰብስቦ በአካፋው ጠርዝ እየፋቀ ይጥላቸዋል፤ ደሙ ከቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል። የቀሩት ዶሮዎቼ በሌላው ወገን ያለውን ንጹሕ አፈር ይበረብሩና ይበላሉ።

አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ በጣቶቹ የሆነ ነገር አነሣ። የጨርቅ ቁራጭ ነበር፤ ነጭ የነበረ። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ። ምስጡ በላዩ ላይ ይወጣል፤ አላራገፈውም።

"ራሱ በየት በኩል ነበር?" አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

"በዚህ" አሉ ሐጂ፣ ወደ ምዕራብ እያመለከቱ። "ፊቱ ወዲያ። ቲቸር እንዳለችን።"

"ማን ያዘው? ሲወርድ ማን ያዘው?"

"እኔ ራሱን፣ ልጆቼ እግሩን። አልጣልነውም። ቀስ ብለን ነው ያስቀመጥነው።"

"እኔ ደላንታ ነበርኩ" አለ። "ገብስ እየቆላሁ እበላ ነበር። እሱ እዚህ ሲገባ እኔ ገብስ እበላ ነበር።" ከዚያ ራሱን በቡጢ መታ፤ ግንባሩን፣ ደረቱን መታ። ሐጂ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ሁለቱን እጆቹን ይዘው እስኪበቃው ድረስ አብረውት ተቀመጡ። ሁለቱንም ምስጥ ይነክሳቸዋል። እኔ ከላይ ቆሜ አላለቀስኩም። ጨርቁን ከእጁ ተቀብዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

የእናቲቱን ቤት ያገኙት ሐጂ ናቸው። ከጣውላው ሥር እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ የጠነከረ የጭቃ ጎድጓዳ ነበር። በዶማው ጀርባ ፈለጡት። ውስጡ የሰው አውራ ጣት የሚያህል፣ ወፍራም፣ ነጭ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ተጋድሟል። እግር አለው፤ ግን ሆዱ ከብዶት መራመድ አይችልም። ትንንሾቹ ከበው ይልሱታል።

የባሌ ወንድም አካፋውን አነሣ። "ስጠኝ" አልኩት።

"እትዬ፣ እኔ..."

"ስጠኝ አልኩህ።"

ጎድጓዳውን ከነእናቲቱ አውጥተው ልብስ የማጥብበት ድንጋይ ላይ አደረጉልኝ። አካፋውን አንስቼ አወረድኩት። አንድ ምት በቂ ነበር፤ ሆዷ ፈንድቶ ፊቴ ላይ ተረጨ። እኔ ግን አላቆምኩም። የቆርቆሮ በሩን ድምፅ እየሰማሁ ነበር የምመታው። በጣቶቼ መሃል የሚገፋውን ደም እያሰብኩ ነበር የምመታው። ድንጋዩ ተሸረፈ፤ የአካፋው ጠርዝ ታጠፈ። ምንም የቀረ ነገር አልነበረም፤ ድንጋይና ብረት ብቻ ነበር የሚጋጨው።

"ይበቃል ቲቸር" አሉ ሐጂ። "ሞታለች። ድንጋዩ ምን አደረገሽ?"

ቀለለኝ ብዬ መጻፍ እፈልግ ነበር። አልቀለለኝም። ክንዴ ብቻ ደከመ።

ጉድጓዱን ከጣውላው ትራፊ አጸዱት፤ ወገኖቼ አይነካም ያሉትን እንጨት እኔ ራሴ በጆንያ ሰብስቤ አቃጠልኩት። የተመለሰው አፈርና ድንጋይ ብቻ ነው። ረጪው ተመልሶ መጣና አየ። "እናቲቱን ማግኘታችሁ ደግ ነው፤ ግን ሌላ ጎጆ በሌላ በኩል ሊኖር ይችላል፤ የመኝታ ቤቱ እንጨትም አይመለስም" አለኝ። ወንበር አውጥቼ ግቢው መሃል ተቀመጥኩና ቤቱን አየሁት። የባሌ ወንድም አጠገቤ ቆሟል። ስለ ደሴ አልተነፈሰም።

"መኝታ ቤቱ ይፍረስ" አልኩ። "ሳሎኑና ወጥ ቤቱ ይቀራሉ። በፊት ለፊትና በጎን መድኃኒቱን ረጪው ያጠጣል። በጓሮ በኩል የድንጋይ መሠረት ይሠራበት፤ እንጨት የሚባል አይጠጋውም። እኔ ሳሎን እተኛለሁ።"

"እዚሁ?"

"እዚሁ።"

ቅዳሜ ዲጅኖውንና መጥረቢያ ይዞ መጣ፤ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ሚስትህ ምን አለች?" አልኩት ፋሻውን እያየሁ።

"ምስጥ ነከሰኝ አልኳት። 'ምን የሚያህል ምስጥ ነው?' አለችኝ። ጡረታ የወጣ ነው አልኳት።"

መሳቄን ደበቅሁት። "ልጀምር?" ሲለኝ መጥረቢያውን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ቋሚ እኔ መታሁት። ባሌ ልጦ፣ ነክሮ፣ አድርቆ፣ መልሶ ነክሮ ያቆመው ቋሚ ነው። ከሥሩ ዘይቱ የነካው ስንዝር ያህል ብቻ እንደ ብረት ጠንክሮ ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ዱቄት ነበር። ቆርቆሮው ወርዶ፣ ግድግዳው ተገፍቶ ሲወድቅ አቧራው እስከ ሐጂ ግቢ ሄደ። ከአጥሩ ወዲያ ሲያስሉ ሰማናቸው። "ኧረ ቀስ! እኔንም አብራችሁ አታፍርሱኝ!" ይሉ ነበር።

መኝታ ቤቱ ሲነሣ ከሳሎኑ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ውጭ ቀረ። ሰማያዊ ነው፤ እኔና ባሌ አብረን ነው የቀባነው፤ ከፍ ያለው ላይ ብሩሹ ያልደረሰበት ቦታ ይታያል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ የመኝታ ቤታችንን ቀለም ማየት ጀመረ። ከራስጌው በላይ ኮቱን የሚሰቅልበት ትልቅ ሚስማር ነበር። ግድግዳውን ሊመርግ ያስጠራሁት ግንበኛ ሲሚንቶውን አቡክቶ፣ ማንኪያውን ይዞ ቆመና ሚስማሩን አየው።

"ልምረግበት ነው። ይኸ ይቆይ ወይስ ይነቀል?"

"ንቀለው።"

በመዶሻው ጥፍር ያዘው። አልወጣም። እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በሙሉ ኃይሉ ጎተተው፤ ሚስማሩ እየጮኸ፣ እየጎበጠ ወጣ፤ የልስን ቁራጭም ይዞ ወረደ። ጠጋ ብዬ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ። ከውስጥ ያለው እንጨት ደረቅና ጠንካራ ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረበትም። ጣቴን አወጣሁ።

"ምረግ" አልኩት።